ክሪፕቶከረንሲ፦ «ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» ከማለታችን በፊት «ምንድን ነው?» እንበል



ማስተማር ከማቆሜ በፊት በነበሩት የመጨረሻ ወራት ክፍል ስገባ የብዙዎቹ ተማሪዎቼ እጅ ዴስክ ሥር ነበር። ቴሌግራም ላይ ያለችውን ሃምስተር በጣታቸው እየመቱ «ሳንቲም» ይሰበስባሉ። ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2024 ነው። ስልክ እቀማለሁ፣ እገሥጻለሁ፣ ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ፣ «ኡስታዝ፣ ግን ይሄ ክሪፕቶ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ሐላል ነው?» አለኝ። «ተወው፣ ጊዜ ማባከን ነው» ብዬው አለፍኩ። እንዲህ ያልኩት ስለማላውቀው ነበር።

ከዓመት በኋላ ይኸው ልጅ ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ ግቢ ውስጥ ጠበቀኝ። «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር» አለና ስልኩን አወጣ። ዐረብ ሀገር በሰው ቤት ሠራተኛነት የምትኖር እህቱ የሁለት ዓመት ቁጠባዋን ልካለት ነበር። እሱ ደግሞ በቴሌግራም የተዋወቀው ሰው በሰጠው መተግበሪያ ላይ «ኢንቨስት» አድርጎታል። ስክሪኑ ላይ ገንዘቡ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ይታያል። ላውጣ ሲል ግን «መጀመሪያ የትርፍ ግብር ይክፈሉ» ተባለ። የመጣው ያንን «ግብር» እንዳበድረው ነው። «አትክፈል፣ ይህ ገንዘብ የለም» አልኩት። መጀመሪያ አላመነኝም። ከቀናት በኋላ መተግበሪያው ራሱ ጠፋ።

ያኔ ኮሪደር ላይ የጠየቀኝን ጥያቄ ዛሬ ዘግይቼም ቢሆን ልመልስ። ይህ ጽሑፍ «ግዙ» ወይም «አትግዙ» የሚል አይደለም። ስለ ጉዳዩ ምንም ለማያውቅ ሰው ከሥር ከመሠረቱ ለማስረዳት የተጻፈ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘብን ገንዘብ የሚያደርገው ምንድን ነው?

አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ተገበያይተዋል። ማርትሬዛ የምንለው የኦስትሪያ ብርም በገበያዎቻችን ለረጅም ዘመን ሠርቷል። ከዚያ ወረቀት መጣ። የአሜሪካ ዶላር እስከ 1971 ድረስ ለመንግሥታት በወርቅ ይመነዘር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከዶላሩም ከብራችንም ጀርባ ያለው ወርቅ ሳይሆን ሕግ፣ መንግሥትና የሰዎች ተቀባይነት ነው።

በኢስላም ሊቃውንት ዘንድም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኢማም ማሊክ (ረሒመሁላህ) ሰዎች ቆዳን መገበያያ ቢያደርጉት ኖሮ እሱንም በወርቅና በብር በዱቤ መለወጥን እንደሚጠሉ መናገራቸው በመዝሀባቸው መጻሕፍት ተመዝግቧል። ስለዚህ ሊቃውንቱ አንድ ነገር ገንዘብ የሚሆነው ከምን ተሠራ በሚለው ብቻ ሳይሆን ሰዎች በዑርፍ (በልማድ) በሚሰጡት ቦታ ጭምር እንደሆነ ሲነጋገሩበት ኖረዋል።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። ለእናታችሁ በቴሌብር ወይም በባንክ 1,000 ብር ስትልኩ አንድም ወረቀት ከቦታው አይነሳም። የድርጅቱ መዝገብ ላይ በእናንተ ስም ያለው ቁጥር ይቀንሳል፣ በእናታችሁ ስም ያለው ይጨምራል። አለቀ። ዛሬ የምንጠቀምበት አብዛኛው ገንዘብ መዝገብ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። መዝገቡን የሚይዘው ባንኩ ነው፤ እኛም ባንኩን እናምናለን።

ክሪፕቶከረንሲ የተነሳው «መዝገቡን አንድ አካል ብቻ ባይይዘውስ?» ከሚል ጥያቄ ነው።

ሁሉም አባል ደብተር የያዘበት ዕቁብ

ነገሩን በዕቁብ እንየው። መርካቶ ውስጥ 30 ነጋዴዎች ዕቁብ ይጥላሉ እንበል። በተለመደው አሠራር ደብተሩ በጸሐፊው እጅ ነው፣ ሥርዓቱን የሚያስከብረው ደግሞ ዳኛው ነው። ጸሐፊው አንድ መስመር ቢሰርዝ ወይም ደብተሩ ቢቃጠል ጭቅጭቅ ይነሳል።

አሁን ዳኛም ጸሐፊም የሌለው ዕቁብ አስቡ። ሠላሳውም የየራሳቸው ደብተር አላቸው። አሕመድ ለከድር 500 ብር ሲሰጥ በሁሉም ፊት ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሁሉም በየደብተራቸው ይጽፋሉ። ነገ አሕመድ ደብተሩን ደልዞ «አልሰጠሁም» ቢል 29ኙ ደብተሮች ያጋልጡታል።

ሌላም ጥበቃ አለ። አንድ ገጽ ሲሞላ፣ በገጹ ላይ ካለው ጽሑፍ በሙሉ በሒሳብ ተቀምሮ የሚወጣ ቁጥር ከግርጌው ይጻፋል። የገጹ አሻራ በሉት። ቀጣዩ ገጽ የሚጀምረው ያንን አሻራ ከአናቱ በመጻፍ ነው። አንድ ሰው ከወራት በፊት የተጻፈ ገጽ ላይ አንድ ፊደል ቢቀይር የዚያ ገጽ አሻራ ይለወጣል፤ ከቀጣዩ ገጽ አናት ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ያንን ለማስተካከል ቀጣዩን፣ ከዚያም ቀጣዩን፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ መቀየር ይኖርበታል።

ብሎክቼይን የሚባለው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ገጽ «ብሎክ» ይባላል፤ ገጾቹ በአሻራ ስለተያያዙ «ቼይን»፣ ማለትም ሰንሰለት ሆኑ። አሻራው በቴክኖሎጂው ቋንቋ «ሃሽ» ይባላል። የዕቁቡ አባላት ደግሞ በዓለም ዙሪያ ያሉ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ቀጥሎ ያለውን ያልተረዳ ሰው ነው የሚጎዳው። ይህ ደብተር የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተጻፈው እንዳልተደለዘ። ከድር አሕመድን አታልሎ 500 ብሩን ቢወስድበት ደብተሩ ያንንም በታማኝነት ይመዘግባል። አታላዩን ከታማኙ አይለይም። ዳኛ ስለሌለውም አቤት የሚባልበት የለም፤ አንዴ የተላከ ገንዘብ ተቀባዩ በፈቃዱ ካልመለሰው አይመለስም። «ብሎክቼይን ስለሆነ አስተማማኝ ነው» የሚላችሁ ሰው እውነት ነው የሚናገረው፤ ግን ስለ ደብተሩ እንጂ ስለ ራሱ ምንም አልነገራችሁም።

ቢትኮይን እንዴት ተጀመረ?

ጥቅምት 31፣ 2008 ዓለም በባንኮች ቀውስ ስትናጥ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ባለ 9 ገጽ ጽሑፍ በኢንተርኔት ወጣ። ሐሳቡ ሰዎች ያለ ባንክ አማካይነት በቀጥታ ገንዘብ የሚላላኩበትን መንገድ ማሳየት ነበር። ጥር 3፣ 2009 የመጀመሪያው የቢትኮይን ብሎክ ተጻፈ። ሳቶሺ ናካሞቶ አንድ ሰው ይሁን ብዙ፣ ወንድ ይሁን ሴት እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም።

የቢትኮይን ብዛት በአሠራሩ ሕግ የተገደበ ነው፤ መቼም ቢሆን ከ21 ሚሊዮን አይበልጥም። ይሁንና አንድ ሙሉ ቢትኮይን መግዛት ግዴታ አይደለም። ብራችን በመቶ ሳንቲም እንደሚመነዘር ሁሉ አንድ ቢትኮይን በ100 ሚሊዮን «ሳቶሺ» ይመነዘራል።

መጀመሪያ ላይ ዋጋ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ግንቦት 22፣ 2010 አሜሪካ ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ለሁለት ፒዛ 10,000 ቢትኮይን ከፈለ። በታኅሣሥ 2024 የአንዱ ቢትኮይን ዋጋ ከ100,000 ዶላር አለፈ። ብዙ ወጣቶችን የሚያማልለው ይህ ታሪክ ነው። ግን የመሐሉንም እንናገር። በኅዳር 2021 ወደ 69,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ በዓመቱ ከ17,000 በታች ወረደ። በከፍታው የገዛና በዝቅታው ለመሸጥ የተገደደ ሰው ከገንዘቡ ሦስት አራተኛውን አጥቷል። ዋጋው እንዲህ የሚዋዥቀው ከጀርባው የሚታረስ መሬት ወይም የሚሠራ ፋብሪካ ስለሌለው ነው። ዋጋውን የሚወስነው በዚያች ቀን ስንት ገዢና ስንት ሻጭ አለ የሚለው ነው።

«ማይኒንግ» ምን መቆፈር ነው?

ዳኛና ጸሐፊ ከሌለ ቀጣዩን ገጽ ማን ይጽፋል? በቢትኮይን ይህ የሚወሰነው በውድድር ነው። ኮምፒውተሮች ለቀጣዩ ገጽ የሚስማማ አንድ ልዩ ቁጥር ይፈልጋሉ። ቁጥሩን በብልሃት ማግኘት አይቻልም፤ እየገመቱ መሞከር ብቻ ነው። በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንዱ ያገኘዋል፤ ገጹን ይጽፋል፣ አዲስ የተፈጠረ ቢትኮይንም ይሸለማል። ሽልማቱ ሲጀመር 50 ነበር፤ በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ 3.125 ሆኗል። ወርቅ እየተቆፈረ ሲሄድ ማግኘቱ እንደሚከብድ ስለሚያስታውስ ሥራው «ማይኒንግ»፣ ማዕድን ማውጣት ተባለ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ቢባል፣ ደብተሩን ለማጭበርበር የሚሻ ሰው የዚያኑ ያህል መብራትና ማሽን ማውጣት እንዲኖርበት ነው። ወጪው የደብተሩ ዘበኛ ነው። ይህ ግን እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል።

የእኛም ሀገር ስም እዚህ ላይ ይነሳል። ቻይና በ2021 ማይኒንግን ከከለከለች በኋላ ማሽን ይዘው ርካሽ መብራት ፍለጋ የወጡ ኩባንያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተዋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ከእነዚህ ኩባንያዎች ጋር ውል ተዋውሎ ኃይል በውጭ ምንዛሪ ሲሸጥላቸው ቆይቷል። በትልልቅ መጋዘኖች ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚጮኹት ማሽኖች የሚገምቱት ያንን ቁጥር ነው።

ስልክ መምታት ግን ማይኒንግ አይደለም። ተማሪዎቼ ሃምስተሯን ሲመቱ የሚሰበስቡት አንድ ድርጅት የሚሰጠውን ነጥብ ነበር። ነጥቡ ወደ ምን ያህል ሳንቲም እንደሚቀየር የሚወስነው ድርጅቱ ራሱ ነው። በመስከረም 2024 ክፍፍሉ ሲደረግ ወራት ሙሉ ሲመቱ የከረሙ ብዙዎች በደረሳቸው ትንሽነት አዝነዋል። ገንዘብ አልተወሰደባቸው ይሆናል፤ የተወሰደባቸው ጊዜያቸው ነው።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በክሪፕቶ ዓለም ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው «አድራሻ» ነው፤ እንደ ሒሳብ ቁጥር ነው፣ ለሰው ቢሰጥ ችግር የለውም። ሁለተኛው «የግል ቁልፍ» ነው፤ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ዋሌት የሚባለው መተግበሪያ እንደ ስሙ የኪስ ቦርሳ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ሳንቲሙ ሳይሆን ቁልፉ ነው። ሳንቲሙ ያለው ደብተሩ ላይ ነው። ዋሌት ስትከፍቱ ብዙውን ጊዜ 12 ወይም 24 የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጧችኋል። እነዚያ ቃላት ቁልፉ ናቸው። ቃላቱን ያየ ሰው ገንዘቡን ይወስዳል፤ ቃላቱን የጣለ ሰው ደግሞ ገንዘቡ ደብተሩ ላይ እያየው አይደርስበትም። በዌልስ የሚኖር አንድ ሰው በ2013 በሺዎች የሚቆጠር ቢትኮይን ቁልፍ የያዘ ሃርድ ዲስክ ከቆሻሻ ጋር ተጥሎበት ለዓመታት የከተማውን ቆሻሻ መጣያ ለመቆፈር ፈቃድ ሲለምን ኖሯል። «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ብሎ የሚሄዱበት ቅርንጫፍ የለም።

ይህን ሸክም በመሸሽ ብዙ ሰው ቁልፉን ለመገበያያ ድርጅቶች (ኤክስቼንጅ) ይተዋል። ይህ ማለት ገንዘቡን በአማና ሰጠ ማለት ነው። አማናው የሚበላበት ጊዜ አለ። ማውንት ጎክስ የተባለው መቀመጫውን ጃፓን ያደረገ ድርጅት በ2014 ሲከስር ወደ 850,000 የሚጠጋ ቢትኮይን ጠፋ፤ በኋላ የተገኘው 200,000 ያህሉ ነው። ኤፍቲኤክስ የተባለው ግዙፍ ድርጅት በኅዳር 2022 ወደቀ፤ የደንበኞቹን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ አውሎት ነበር። መሥራቹ ሳም ባንክማን-ፍሪድ በ2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ልብ በሉ፤ በሁለቱም የተደለዘ የቢትኮይን ገጽ የለም። ችግሩ የነበረው ቁልፉን የያዙት ሰዎች ጋ ነው።

ሁሉም ክሪፕቶ አንድ አይደለም

ኢቴሪየም በ2015 ሲጀመር ደብተሩ ላይ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን «ይህ ከሆነ ያ ይፈጸም» የሚል ውልም እንዲጻፍበት አደረገ። በመስከረም 2022 ደግሞ የግምት ውድድሩን ትቶ ገጽ ጸሐፊዎቹ ገንዘብ በመያዣነት በሚያስቀምጡበት አሠራር ተካው፤ የኤሌክትሪክ ፍጆታው ከ99 በመቶ በላይ ቀነሰ።

ስቴብልኮይን የሚባሉት ደግሞ ዋጋቸው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተሠሩ ናቸው። ዩኤስዲቲ እና ዩኤስዲሲ ይጠቀሳሉ። አውጪዎቹ ኩባንያዎች ለእያንዳንዱ ሳንቲም ተመጣጣኝ ሀብት እናስቀምጣለን ይላሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ እምነቱ ተመልሶ ኩባንያው ላይ ነው። ቴራዩኤስዲ የተባለው በሀብት ሳይሆን በሒሳብ ቀመር ብቻ ዶላርን እከተላለሁ ይል ነበር፤ በግንቦት 2022 በቀናት ውስጥ ከነእህቱ ሉና ተንኮታኩቶ ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት የሰዎች ሀብት ይዞ ሄደ።

ከዚህ በታች ደግሞ ለቀልድ ወይም ለወሬ የሚፈጠሩ ሳንቲሞች አሉ። ዶጅኮይን በ2013 የተጀመረው በውሻ ሥዕል በተሠራ ቀልድ ነው። ዛሬ ማንም ሰው በደቂቃዎች ውስጥ አዲስ ሳንቲም ፈጥሮ ስም ሊያወጣለት ይችላል። ስለዚህ «አዲስ ኮይን ወጣ» መባሉ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም።

ቴክኖሎጂው ከገንዘብ ውጭም ያገለግላል። የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር በ2021 ካርዳኖን ከሠራው ኩባንያ ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ በብሎክቼይን ለመመዝገብ ስምምነት ማድረጉ ይፋ ተደርጎ ነበር። የትምህርት ማስረጃ እንዳይጭበረበር የማይደለዝ ደብተር ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማንም አስተማሪ ግልጽ ነው።

የሀገራችን ሕግ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2022 ባወጣው ማሳሰቢያ የሀገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን፣ በክሪፕቶከረንሲ ክፍያ መፈጸምም ሕገወጥ መሆኑን አሳስቧል። በዚያው ዓመት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) በማይኒንግና በተመሳሳይ ሥራ የተሰማሩ አካላት እንዲመዘገቡ ጥሪ አድርጓል። ማሽን ለሚተክለው ኩባንያ መንገድ ተከፍቶ ነበር፤ በቢትኮይን ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ግን አልተከፈተም።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? በቴሌግራም ከማያውቀው ሰው ጋር ብር ልኮ ዩኤስዲቲ የሚቀበል ወጣት ቢካድ የሚሄድበት ደጅ ጠባብ ነው። ሻጭ ሆኖ ከማያውቀው ሰው ብር በባንክ ሒሳቡ ሲቀበልም ያ ብር ከሌላ ሰው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቡ ቢታገድ ማስረዳቱ ለራሱ ነው የሚቀረው።

ዑለሞች ምን አሉ?

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ የተባለውን ብቻ ላስተላልፍ። በዚህ ጉዳይ የዘመናችን ዑለሞች አልተስማሙም።

የቱርክ የሃይማኖት ጉዳዮች አስተዳደር (ዲያነት) በ2017፣ የወቅቱ የግብፅ ሙፍቲ ሸይኽ ሸውቂ ዐላምም ከዚያ ብዙ ሳይቆዩ ቢትኮይንን የሚቃወም አቋም ይዘዋል። ከልካዮቹ የሚያነሷቸው ምክንያቶች በጥቅሉ እነዚህ ናቸው፦ ዋጋው እጅግ የሚዋዥቅና ገረር (ድንግዝግዝ ያለ አደጋ) የበዛበት መሆኑ፣ ኃላፊነት የሚወስድ አካል አለመኖሩ፣ ግብይቱ ወደ መይሲር (ቁማር) መጠጋቱና ለሕገወጥ ሥራ መዋሉ።

በሌላ በኩል የማሌዢያ የሴኩሪቲስ ኮሚሽን የሸሪዓ አማካሪ ምክር ቤት በ2020 ፈቃድ ባላቸው መገበያያዎች በዲጂታል ሀብት መገበያየት ይቻላል የሚል ውሳኔ አሳልፏል። የፈቃጆቹ መነሻ በግብይት ውስጥ ክልከላ እስካልመጣ መሠረቱ መፈቀድ መሆኑና ሰዎች ዋጋ የሰጡት ነገር ማል (ሀብት) ሊባል መቻሉ ነው። የኢንዶኔዢያ የዑለሞች ምክር ቤት በ2021 መሐል ላይ ቆመ፤ እንደ መገበያያ ገንዘብ መጠቀምን ሐራም ብሎ፣ ግልጽ ጥቅምና መሠረት ያለውን እንደ ሸቀጥ መነገድን በቅድመ ሁኔታ ፈቀደ። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ ደግሞ በ2019 ዱባይ ላይ ተወያይቶ ተጨማሪ ጥናት እንደሚያስፈልግ በመግለጽ ውሳኔውን አቆይቶታል።

ይህን ልዩነት ሰበብ አድርጎ «ዑለሞች ስላልተስማሙ የፈለግኩትን አደርጋለሁ» ማለት አይገባም። ክሪፕቶው ሐላል ነው የሚሉትም ቢሆኑ የማይፈቅዷቸው ነገሮች አሉ። ሳንቲምን አበድሮ ቋሚ ጭማሪ መቀበል ሪባ ነው። «ሳንቲምዎን ያስቀምጡ፣ በየወሩ ይህን ያህል በመቶ እንሰጣለን» የሚለውን ማስታወቂያ በዚህ ዓይን እዩት። በተበደሩት ገንዘብ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል ብሎ መወራረድን ደግሞ የፊቅህ ጉባኤዎች ክሪፕቶ ሳይመጣ በፊት በሌሎች ገበያዎች ላይ አይተው ከልክለውታል። ሀብት ነው ብሎ ለያዘው ደግሞ ዘካት ይከተለዋል፤ ኒሷብ ከደረሰና ዓመት ከዞረበት በገበያ ዋጋው ተሰልቶ 2.5 በመቶ። ለራሳችሁ ጉዳይ የምታምኗቸውን ዓሊም ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን «ክሪፕቶ እንዴት ነው?» ብቻ አትበሉ፤ የትኛው ሳንቲም፣ በምን ዓይነት ግብይት፣ ለምን ዓላማ እንደሆነ ዘርዝሩ። መልሱ በዚያ ይለያያል።

ሳንቲም የሌለበት «ሳንቲም»

ብዙ ወገኖቻችን የሚጎዱት ግን እዚህ ክርክር ውስጥ ከገባ ነገር አይደለም። ጭራሽ ክሪፕቶ ባልሆነ ነገር ነው።

ዋንኮይን የተባለውን ተመልከቱ። ቡልጋሪያዊቷ ሩያ ኢግናቶቫ በ2014 አስጀመረችው። በትልልቅ አዳራሾች ሰው እየሰበሰቡ «ቢትኮይንን የሚበልጥ» ሳንቲም ሸጡ፤ ሰው ያመጣ ኮሚሽን ያገኛል። በዓለም ዙሪያ፣ አፍሪካም ጭምር፣ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር እንደሰበሰቡ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ይናገራል። እውነተኛ ብሎክቼይን ግን አልነበረውም፤ ስክሪን ላይ የሚታየውን ዋጋ የሚጽፉት ራሳቸው ነበሩ። ሴትየዋ በጥቅምት 2017 ከሶፊያ ወደ አቴንስ በረረች፤ ከዚያ ወዲህ አልታየችም። በ2022 ኤፍቢአይ አጥብቆ ከሚፈልጋቸው አሥር ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ገባች።

የተማሪዬ መተግበሪያም ከዚህ የተለየ አልነበረም። እነዚህን ምልክቶች ያዙ፦

1. በቀን ወይም በወር የተወሰነ ትርፍ ቃል ይገባል። ዋጋው በየሰዓቱ በሚዋዥቅ ነገር ቋሚ ትርፍ የለም።

2. ሰው ስታመጡ ትከፈላላችሁ። ያኔ የእናንተ ትርፍ ከኋላችሁ የሚገባው ወንድማችሁ ገንዘብ ነው።

3. የራሳችሁን ገንዘብ ለማውጣት «ግብር»፣ «ዋስትና» ወይም «ማረጋገጫ» ክፈሉ ትባላላችሁ። ይህ ሁለተኛው ስርቆት ነው።

4. 12ቱን ቃላት ይጠይቋችኋል። የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፤ «የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ» ቢልም።

5. በጣም ያጣድፋሉ። «ዛሬ ማታ ይዘጋል» ይላሉ።

6. «ሐላል ነው ተብሏል» ይሉና ማን እንዳለ አይናገሩም። ወይም የምትወዱትን ሰው ከፊት ያቆማሉ። የጀማዓችን መተማመን ትልቅ ጸጋ ነው፤ አታላይም የሚገባው በዚያው በር ነው። ያ ሰው ራሱ ሳያውቅ የተታለለ ሊሆን ይችላል።

ምልክቶቹን ብትረሱ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ደብተሩን የሚይዘው ማን ነው? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ትርፉ የሚመጣው ከየት ነው? ተማሪዬ እነዚህን ቢጠይቅ ኖሮ ሦስቱም መልስ ያ በቴሌግራም የተዋወቀው፣ ፊቱን እንኳ አይቶት የማያውቀው አንድ ሰው ይሆንበት ነበር።

ልጁን ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። ለእህቱ ለመናገር ሳምንታት ፈጀበት። «ብትረግመኝስ» እያለ ነበር። ስትሰማ አለቀሰች፣ ከዚያ «አንተ ደህና ነህ?» አለችው። አሁን ሥራ ይዞ በየወሩ የአቅሙን ያስቀምጥላታል። በእሷ ደመወዝ ሲሰላ ገና ብዙ ይቀረዋል።

አስተማሪዎች፣ ወላጆች፣ ኡስታዞች፦ ልጆቻችን ስለማናውቀው ነገር ሲጠይቁን «ተወው» አንበላቸው። «አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ» ማለት እንልመድ። ዐረብ ሀገር ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ የላባችሁን ስትልኩ የት እንደሚገባ ጠይቁ፤ መጠየቅ አለማመን አይደለም።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ዕውቀታችንን ጠቃሚ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።